ዘመን ሲለወጥ ሰውም ይለወጥ ዘንድ

ክረምት አልፎ መስከረም ሲጠባ ምድር ትታደሳለች። የጉና ተራራ ጉሙን ይገልጣል፤ ርብና ጉማራ ከድፍርስነታቸው መጥራት ይጀምራሉ፤ በፋርጣ፥ በእስቴና በጋይንት መስክ ላይ አደይ አበባ ይፈነዳል። ምድር ይህን ሁሉ የምታደርገው በፈጣሪዋ ትእዛዝ ነው እንጂ በራስዋ ፈቃድ አይደለም። ሰው ግን ፈቃድ የተሰጠው ፍጥረት ስለ ሆነ፥ እርሱ ካልፈቀደ በቀር ዘመን ቢለወጥ አይለወጥም። ስለዚህ በየዓመቱ እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን አሸጋገራችሁ ስንባባል፥ የተሻገርነው ምን ይዘን እንደ ሆነ ራሳችንን መጠየቅ ይገባናል። አሮጌውን ቂም፥ አሮጌውን ዕዳ፥ አሮጌውን ስካር ይዞ የተሻገረ ሰው የተለወጠለት የቀን ቍጥሩ ብቻ ነው።

በዘመን መለወጫ ቀን መልካም ነገር የማይመኝ ሰው የለም። ዘንድሮስ እጾማለሁ፥ ዘንድሮስ ከመጠጥ እርቃለሁ፥ ዘንድሮስ ከወንድሜ ጋር እታረቃለሁ የማይል ማን አለ? ነገር ግን ምኞቱ አደይ አበባው ሳይረግፍ አስቀድሞ ይረግፋል። ይህ የሚሆነው ሰው መልካሙን ስለሚጠላ አይደለም፤ መልካሙን በስም እንጂ በሥራ ስለማያውቀው ነው። ከየት እንደሚጀምር፥ ለማን እንደሚያደርገው፥ በየትኛው ቀን እንደሚፈጽመው አልወሰነምና። እኛም በዚህ ጽሑፍ ስለ ምኞት ሳይሆን ስለ አጀማመር ጥቂት ልንናገር እንወዳለን።

ዓመቱ ስለ ምን በቅዱስ ዮሐንስ ተጀመረ?

ቤተ ክርስቲያናችን መስከረም 1 ቀንን ርእሰ ዐውደ ዓመት ስትል፥ ሕዝቡ ደግሞ በአጭር ቃል ቅዱስ ዮሐንስ ይለዋል። ሰማዕትነቱም በማግሥቱ መስከረም 2 ቀን ይታሰባል። መምህራን እንደሚያስተምሩት፥ መጥምቁ ዮሐንስ የብሉይና የሐዲስ ኪዳን መገናኛ ላይ የቆመ ስለ ሆነ፥ በአሮጌውና በዐዲሱ ዓመት መገናኛ ላይ መታሰቡ የተገባ ነው። ከዚህም ጋር ሌላ ምክንያት ልብ ልንል ይገባናል። ቅዱስ ሉቃስ በወንጌሉ በምዕራፍ 3 እንደ ጻፈው፥ ዮሐንስ የንስሐን ነገር በሰበከ ጊዜ ሰሚዎቹ በመጸጸት ብቻ አልተመለሱም፤ ምን ማድረግ እንደሚገባቸው ጠየቁት። እርሱም ለሁሉ አንድ መልስ አልሰጠም፤ ለእያንዳንዱ እንደ ሥራው መለሰለት። ለሕዝቡ ሁለት ልብስ ያለው ለሌለው እንዲያካፍል፥ ምግብ ያለውም እንዲሁ እንዲያደርግ ነገራቸው። ለቀራጮች ከታዘዘላቸው አብልጠው እንዳይወስዱ፥ ለወታደሮች ማንንም ግፍ እንዳይሠሩ፥ በሐሰት እንዳይከሱ፥ ደመወዛቸውም እንዲበቃቸው አዘዘ።

እንግዲህ እናስተውል። ቅዱሱ ሁሉንም ሥራችሁን ትታችሁ ወደ በረሃ ተከተሉኝ አላላቸውም። እያንዳንዱ በቆመበት ስፍራ፥ በያዘው ሥራ፥ በእጁ ካለው ነገር እንዲጀምር አደረገው። ያዘዛቸውም ሁሉ ለባልንጀራ የሚደረግና የሚታይ ነው። ልብስ መስጠት ይታያል፤ አብልጦ አለመውሰድም ይቈጠራል። የዐዲስ ዓመት ሥርዐት ይህ ነው፤ ሰው ለራሱ የሚመኘው ሳይሆን ለሌላው የሚያደርገው የታወቀ ሥራ።

1ኛ/ የተረፈውን መቍጠር

የባሕረ ሐሳብ ትምህርት ለዚህ መልካም ምሳሌ ይሆነናል። ለምሳሌ 2019 ዓመተ ምሕረትን እንውሰድ። በላዩ 5500 ስንጨምርበት ዓመተ ዓለሙ 7519 ይሆናል። ይህን ለ4 ስናካፍለው 1879 ይደርሳል፤ 3 ይተርፋል። ቀሪው 1 ሲሆን ማቴዎስ፥ 2 ሲሆን ማርቆስ፥ 3 ሲሆን ሉቃስ፥ ያለ ቀሪ ሲካፈል ዮሐንስ ስለ ሆነ፥ ዓመቱ ዘመነ ሉቃስ ይባላል። ደግሞም 7519 ከ1879 ጋር ሲደመር 9398 ይሆናል። ይህ ለ7 ተካፍሎ 4 ይተርፋል። ማክሰኞን 1 ብለን ስንቈጥር 4ኛው ዓርብ ነውና፥ መስከረም 1 ቀን 2019 ዓ.ም. ዓርብ ነው። ዓርብ በመሆኑም ጾሙ አይሻርም፤ በበዓሉ ምክንያት የጾምን ሥርዐት የሚረሳ ሰው ዓመቱን በመሻር ጀመረ ማለት ነው።

በዚህ ስሌት አንድ ነገር እናስተውላለን። ለዓመቱ ስሙን፥ ለበዓሉም ዕለቱን የሚሰጠው የደረሰው ትልቁ ቍጥር አይደለም፤ ተርፎ የቀረው ትንሹ ቍጥር ነው። የሰውም ነገር እንዲሁ ነው። ባለፈው ዓመት የሠራነው ብዙ መልካም ነገር ሊኖር ይችላል፤ ነገር ግን የሚመጣው ዓመታችን ምን ዓይነት እንደሚሆን የሚወስነው ያልተከፈለው፥ ያልታረቀው፥ ያልተናዘዝነው ቀሪ ነው።

ስለዚህ ዐዲሱን ዓመት መጀመር የሚገባው መስከረም 1 ቀን ሳይሆን በጳጉሜን ነው። ጳጉሜን ከ12ቱ ወራት በኋላ የምትጨመር የ5 ቀን ወር ናት፤ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ 6 ቀን ትሆናለች። ብዙ ምእመናን ይህችን ወር በጾምና በጸሎት ያሳልፉአታል፤ በንጋትም ወደ ወንዝ ወርደው ይጠመቃሉ፤ በ3ኛው ቀን በቅዱስ ሩፋኤል በዓል የሚዘንበውን ዝናም ለበረከት ይቀበሉታል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ከዚህ ጋር ግን ለየቀኑ አንዳንድ ምርመራ ቢጨመርበት ሥጋን ያጠበው ውሃ ለነፍስም ይተርፋል። በመጀመሪያው ቀን ከእግዚአብሔር ጋር ያለውን፥ በ2ኛው በቤቱ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ያለውን፥ በ3ኛው ከጎረቤቱ ጋር ያለውን፥ በ4ኛው በእጁ ያለውን የሌላ ሰው ገንዘብ ይመርምር። በ5ኛው ቀን ወደ ንስሐ አባቱ ይሂድ። እዚያም ሲደርስ፥ አባቴ ሆይ፥ እኔ ኃጢአተኛ ነኝ ብሎ ብቻ አይመለስ። ይህማ ሁሉም የሚለው ነው። የመረመረውን በየስሙ ይናገር፤ ቀኖናውንም ተቀብሎ ይውጣ። ቍስሉን ያልገለጠ በሽተኛ መድኃኒቱን ሊያገኝ አይችልምና።

2ኛ/ በእጅ ያለውን የሌላ ሰው ገንዘብ መመለስ

በዚህ ነገር ሌላውን ከመምከራችን አስቀድሞ የራሳችንን በደል ልንናገር ይገባናል። በወጣትነታችን በጋይንት ጾመ ድጓ ስንማር፥ አንድ ባልንጀራችን በገዛ እጁ በብራና የጻፈውን መጽሐፍ አዋሰን። ክረምቱን በሙሉ በጭስ ጎጆ ተቀምጦ፥ ከዜማው ምልክት ጋር አሟልቶ የጻፈው ነበር። እኛም ለአገልግሎት ወደ ደብረ ታቦር በመጣን ጊዜ መጽሐፉ በከረጢታችን ውስጥ አብሮን መጣ። በየዓመቱ መስከረም 1 ቀን ከቅዳሴ ስንወጣ ዘንድሮስ እንመልስለታለን እንል ነበር። እንዲህ እያልን 11 ዓመት አለፈ።

ከዚህ በኋላ በአንድ ጳጉሜን፥ የንስሐ ልጃችን የሆነ ገበሬ መጥቶ የጎረቤቱን ማረሻ ተውሶ ለሁለት ዓመት እንዳልመለሰ ተናዘዘልን። እኛም ፀሐይ ሳትጠልቅ መልስ ብለን በቍጣ አዘዝነው። እርሱም እሺ አባቴ ብሎ ወዲያው ሄደ። በዚያች ሌሊት ግን እንቅልፍ አልወሰደንም፤ ያዘዝነው ትእዛዝ ተመልሶ በራሳችን ላይ ወደቀ። በማግሥቱ መጽሐፉን ይዘን በወልድያ መንገድ በመኪና ተሳፈርን፤ ከዚያም በእግር ሄደን ባልንጀራችን ወደሚያገለግልበት የገጠር ደብር ደረስን። እርሱም በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ሕፃናትን ፊደል ያስቈጥር ነበር። ድምፃችንን ሰምቶ ቀና አለ እንጂ አላየንም፤ ሁለቱን ዐይኖቹን ሞራ ጋርዶአቸው ነበርና።

መጽሐፉን በእጁ በሰጠነው ጊዜ ገበታውን ዳሰሰ፤ ስፌቱንም በጣቱ ተከትሎ የራሱ መሆኑን አወቀ። ከዚያም፥ «ወንድሜ፥ ለእጄ መለስህልኝ፤ ለዐይኔ ግን ዘገየህ» አለን። ሌላ የወቀሳ ቃል አልተናገረንም። እንድናነብለት ጠይቆን ማንበብ ስንጀምር፥ በዜማው የተሳሳትነውን በቃሉ እያረመ አስከትሎ ዘለቀው። ያን ቀን የተማርነውን በ11 ዓመት አገልግሎት አልተማርነውም።

ስለዚህ የተዋስነውን መመለስ ከመስጠት ሁሉ ይቀድማል። የጎረቤት ማረሻ፥ የዕድር ገንዘብ፥ የሠራተኛ ደመወዝ፥ የወላጅ አልባ ልጅ ርስት፥ የተገፋ የማሳ ድንበር፥ እነዚህ በእጃችን እያሉ ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ ብናመጣ የሌላውን ሰው ጧፍ አበራን ማለት ነው። ዘኬዎስ ጌታ ወደ ቤቱ በገባ ጊዜ ከበደለው ላይ አራት እጥፍ እመልሳለሁ ያለው በዚያው ቀን ነበር እንጂ ለከርሞ አልቀጠረም።

3ኛ/ ሁለት ልብስ ያለው

የደብረ ታቦር አገር ደጋ ነው፤ በምሥራቁ የሚታየው ጉና ከ4000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። የብርዱን ነገር ከአገሩ ሰው በላይ የሚያውቅ የለም። በዚህ አገር ሁለት ልብስ ያለው ለሌለው ያካፍል ማለት ምሳሌ አይደለም፤ በቀጥታ የሚፈጸም ትእዛዝ ነው። ደግሞም የዘመን መለወጫ በዓል የሚውለው ጎተራ በጐደለበት ወራት እንደ ሆነ ገበሬው ሁሉ ያውቃል። ያለፈው ዓመት እህል በክረምቱ ተበልቶ ያልቃል፤ የዘንድሮው አዝመራ ገና በማሳ ላይ ነው። ስለዚህ አንዱ ቤት በግ ሲያርድ፥ በአጥሩ ማዶ ያለችው መበለት ድስትዋን ባዶ ጥዳ ልጆችዋን ታባብል ይሆናል።

በዚህም ምክንያት የምንመክረው ይህ ነው። በበዓሉ ዋዜማ፥ ገና ለራሳችን ሳይዘጋጅ፥ አንድ ቁና እህል ወይም አንድ ጋቢ ለሌለው ቤት ይሂድ። የሚላከውም በሕፃናት እጅ ቢሆን መልካም ነው፤ ልጆች እንቍጣጣሽ ብለው አበባ ይዘው ሲዞሩ መቀበልን እንደሚማሩ፥ እህሉን ተሸክመው ሲሄዱ መስጠትን ይማራሉና። ተቀባዩም እንዳያፍር በምሽት ይደረግ።

4ኛ/ ሥልጣንና ሚዛን በእጁ ያለ

የቅዱስ ዮሐንስ ሁለተኛ መልስ ለቀራጮች ነበር። ዛሬ ይህ ቃል የሚመለከተው ግብር ሰብሳቢውን ብቻ አይደለም፤ የሰው ጉዳይ በእጁ የሚያልፍበትን ሁሉ ነው። በቢሮ የተቀመጠ፥ በገበያ ሚዛን የያዘ፥ በወፍጮ ቤት እህል የሚቀበል፥ በመኪና ሰው የሚያሳፍር ሁሉ ይመለከተዋል። ዛሬ አለቃው የሉም፥ ነገ ተመለስ እየተባለ ከደጋው ከሌሊት ጀምሮ በእግሩ የመጣውን ገበሬ ማመላለስ ገንዘብ ሳይወስዱ መቀማት ነው፤ ቀኑንና ጕልበቱን ይወስዱበታልና። ከዚህ በኋላ መማለጃ ቢቀበሉበት በደሉ እጥፍ ይሆናል።

እንዲህ ላለው ሰው የዐዲስ ዓመት መጀመሪያ ረጅም ጸሎት ከመሆኑ በፊት ትክክለኛ ሚዛን ነው። ነጋዴው በመጀመሪያው የገበያ ቀን ሚዛኑን በሚታመን ሚዛን ያስተያይ፤ የቢሮ ሰው ደግሞ በጠረጴዛው ላይ ከከረሙት ጉዳዮች እጅግ የዘገየውን ድኻ ፋይል አስቀድሞ ያንሣ። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ቀራጮቹ የተጠየቁት ከዚህ የሚበልጥ አልነበረም።

5ኛ/ ደምና ቂም

ሦስተኛው መልስ ለወታደሮች ነበር። በዚህ ነገር ደብረ ታቦር የራስዋ ታሪክ አላት። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ነግሠው ሥራ ሲጀምሩ፥ ወታደር ገበሬውን እየዘረፈ መኖሩን ትቶ በደመወዝ እንዲያድር አስበው ነበር። ይህ ሐሳብ ቅዱስ ዮሐንስ ለወታደሮች ከሰጠው ምክር ጋር የሚስማማ መልካም አጀማመር ነበር። ነገር ግን ዐመፁ ሲበዛና ቍጣው ሲነድ ነገሩ ተገለበጠ፤ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲነሡ መናገሻቸው የነበረችውን ደብረ ታቦርን ራሳቸው አቃጥለዋት ሄዱ። ይህን የምናነሣው የንጉሡን ታላቅነት ለመንቀፍ አይደለም፤ መልካም ጅማሬን ቍጣ ምን ያህል እንደሚያጠፋው ለማስተማር ነው።

በእኛም ዘመን እሳቱ አልራቀም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ በጋይንት በኩል እስከ ደብረ ታቦር አጠገብ ደረሰ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ደግሞ በክልሉ ውስጥ በተነሣው ግጭት ብዙ ቤት ሐዘን ገብቶበታል፤ ብዙ ትምህርት ቤትም ተዘግቷል። በዚህ ሁሉ መካከል ማን ምን አደረገ ብሎ መፍረድ የዚህ ጽሑፍ ሥራ አይደለም። መሣሪያ ለያዘ ሁሉ ግን፥ በየትኛውም ወገን ይቁም፥ የመጥምቁ ቃል አንድ ነው፤ ግፍ አትሥራ፥ በሐሰት አትክሰስ፥ የድኻውን እህል አትንካ።

መሣሪያ ላልያዘውም ሥራ አለው። በአገራችን የሟች ደም በልጅ ላይ የሚታደርበት ክፉ ልማድ አለ። ሕፃኑ ገና አባ ማለት ሲጀምር አባትህን የገደለው እገሌ ነው ብለን በጆሮው ስንነግረው፥ ከወተቱ ጋር ነፍሰ ገዳይነትን አጠጣነው። ስለዚህ ሐዘንተኛ እናቶችንና አያቶችን በእግዚአብሔር ስም የምንለምነው ይህን ነው። የአባቱን መልካም ሥራ ንገሩት፤ የገዳዩን ስም ግን ርስት አድርጋችሁ አታውርሱት። ፍርድን ለእግዚአብሔርና ለሕግ ተዉ።

የተጣላ ሁሉ ደግሞ በጳጉሜን ሽማግሌ ይላክ። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» እንደ ተባለው፥ መጀመሪያ ሊሄድ የሚገባው የበደለው ነው። ጌታችን መባውን በመሠዊያው ፊት ትቶ አስቀድሞ ከወንድሙ ጋር እንዲታረቅ ያዘዘው፥ ወንድሙ የሚያዝንበት ነገር እንዳለ ያሰበውን ሰው እንደ ሆነ እናስተውል። የተበደለውም ሽማግሌ ሲመጣበት በሩን አይዝጋ።

6ኛ/ ለእኛ ለካህናት

ካህናት ወንድሞቻችን ሆይ፥ ሕዝቡ ምን እናድርግ ብሎ የሚመጣው ወደ እኛ ነው። ስለዚህ መስቀል ይዘን ለዕርቅ ስንሄድ ወደ ባለጸጋው ወገን አናዘንብል። ለንስሐ የመጣውን በዓል ደርሶብናል ብለን በችኰላ አንመልሰው፤ በጳጉሜን እንዲያውም ጊዜ ወስነን በዐውደ ምሕረት እንጠብቀው። ይልቁንም በደጃችን ቁራሽ የሚለምነውን የቆሎ ተማሪ እናስብ። ጋይንት የድጓ ምስክር የሆነችው ቤተልሔም ያለችበት አገር ነው፤ ዙር አምባም የዝማሬ መዋሥዕት ምስክር ናት። እነዚህ ጉባኤያት እስከ ዛሬ የቆዩት በድኻ ገበሬ ቁራሽ ነው። ያን ቁራሽ በልተን ለመዓርግ የደረስን እኛ፥ ዛሬ ቢያንስ ለአንድ ተማሪ የዓመት ልብስ ብንችል የተበደርነውን መለስን እንጂ ምጽዋት ሰጠን አይባልም።

የጀመሩትን ስለ መጠበቅ

ከላይ የተናገርነውን ሁሉ በአንድ ቀን ልፈጽም የሚል ሰው ቢኖር አንዱንም አይፈጽመውም። ስለዚህ ከተረፈው ዕዳ ሁሉ እጅግ የሚከብደውን አንዱን ይምረጥ። ለእርሱም ቀን ይቍረጥለት፤ ቀን የሌለው ስእለት እኛን 11 ዓመት እንዳታለለን ያታልለዋልና። ሦስተኛም ምስክር ይኑረው፤ ለንስሐ አባቱ ወይም ለሚስቱ ይንገር፥ በመስቀል በዓል መስከረም 17 ቀንም ፈጸምህን ብለው ይጠይቁት። ቢወድቅም እስከሚመጣው ዓመት ተኝቶ አይቈይ፤ በማግሥቱ ይነሣ። የንስሐ በር በዓመት አንድ ቀን ብቻ የሚከፈት አይደለም።

በዚያው በሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ 13 ጌታችን ስለ አንዲት በለስ አስተምሯል። ባለቤቱ ሦስት ዓመት ፍሬ ቢያጣባት ትቈረጥ አለ፤ ጠባቂው ግን አንድ ዓመት እንድትታገሥ ለመነላት። ይህን ሲለምን ግን ዝም ብሎ ሊጠብቃት አልነበረም፤ ዙሪያዋን ሊቈፍርላትና ፍግ ሊያፈስላት ነው። የተጨመረልን ዓመት ሁሉ እንደዚህ የተለመነ ዓመት ነው። ተሰጠን የሚባለውም እንድንቈፍርበት ነው።

ባልንጀራችን ዛሬም በዚያ ደብር ሕፃናትን ያስተምራል። እኛም በየጳጉሜኑ እንሄዳለን፤ ከመጽሐፉ ጥቂት እናነብለታለን፥ እርሱም ያርመናል። የዘገየውን ዐይን ልንመልስለት አልቻልንም፤ የቀረውን ጆሮ ግን አናሳጣውም።

አንባብያን ሆይ፥ እናንተም በእጃችሁ ያለውን መጽሐፍ፥ ማረሻ፥ ድንበር፥ ቂም፥ ባለቤቱ ገና ማየት ሳለ መልሱለት። ዘመናትን የሚያፈራርቅ እግዚአብሔር አምላክ ለአገራችን ሰላሙን፥ ለሐዘንተኛው መጽናናቱን፥ ለሁላችን የንስሐ ዕድሜን ይስጠን። የመጥምቁ የቅዱስ ዮሐንስ ጸሎትና በረከት አይለየን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።